ስለ ጦርና ስለ ጥበብ መጻሕፍት፤ ለአንድ የአርጆ ወጣት የተሰጠ ምክር

ለልጅ ምግብ የሚሰጥ ሰው የልጁን ዕድሜና የሆዱን ጉልበት አይቶ ይሰጣል። ወተት ለሚገባው ጥሬ ሥጋ የሰጠ እንደ ሆነ ሰጪው ቸር ቢባልም ተቀባዩ ይታመማል። መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ነገር ግን የማይስማማውን ምግብ አዋቂ ከልጅ እጅ ሊነጥቀው ይችላል፤ አንድ ጊዜ የተነበበውን መጽሐፍ ግን ከልብ የሚነጥቀው የለም። ስለዚህ አንድ ወጣት መጥቶ «ምን ላንብብ?» ብሎ የጠየቀው ሰው፥ ነገሩ ቀላል ቢመስለውም፥ ትልቅ ዕዳ ወድቆበታል።

ከነቀምት በስተ ደቡብ፥ ከደዴሳ ሸለቆ በላይ ባለው ደጋ በምትገኘው በአርጆ፥ እንዲህ ያለ ዕዳ የወደቀባቸው አንድ ሽማግሌ መምህር አሉ። በልጅነታቸው ዳዊት ደግመው ቅኔ የቆጠሩ፥ በኋላም በመንግሥት ትምህርት ቤት ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው በጡረታ ያረፉ ሰው ናቸው። ሀብታቸውም ከአልጋቸው ሥር ያለ አንድ የእንጨት ሣጥን ሙሉ መጻሕፍት ነው። ባለፈው ክረምት፥ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በዋለበት ቀን፥ ዕድሜው 19 ዓመት የሆነ የጎረቤታቸው ልጅ መጣና፥ «የኔታ፥ ስለ ጦርነት የሚናገሩና ስለ ፍልስፍና የሚናገሩ መጻሕፍት ይምረጡልኝ» አላቸው። ሱን ዙ የተባለው የቻይና ሊቅ ስለ ጦር ብልሃት የጻፈውን ባለ 13 ምዕራፍ መጽሐፍ በስልኩ አንብቦ መጨረሱን፥ ሥልጣን የሚያዝበትን ዘዴ እናስተምራለን ከሚሉትም መጻሕፍት ጥቂቱን ማየቱን ነገራቸው። መምህሩም ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው፥ «ልጄ፥ ሦስት ቀን ስጠኝ» አሉት።

ለመጽሐፍ ምርጫ ሦስት ቀን የፈለጉት ስላላወቁ አልነበረም፤ ስለ ፈሩ ነበር። የዚህ ወጣት ታላቅ ወንድም ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ማታ ከቤት እንደ ወጣ አልተመለሰም። ወዴት እንደ ሄደ፥ ከማን ጋራ እንደ ተሰለፈ፥ ወይስ በመንገድ ላይ እንደ ቀረ፥ በሰፈሩ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው የለም። በወለጋ ምድር ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት የተኩስ ድምፅ በመጽሐፍ ብቻ የሚሰማ ነገር አልነበረምና፥ ወንድሙ የጠፋበት ልጅ የጦር መጽሐፍ ሲጠይቅ የጥያቄው ሥር የት እንደ ደረሰ መምህሩ ማወቅ አልቻሉም። መጽሐፉን ሲሰጡት ጠመንጃ እንደ ሰጡት ይሆን? ቢከለክሉትስ አንድ ገጽ ሳያነብ ስለ ጦርነት ለሚያስተምረው ሰው አሳልፈው እንደ ሰጡት አይቈጠርምን? ይህ አሳብ እንቅልፍ ነሣቸው።

በመጀመሪያው ቀን ወዳጃቸው ወደ ሆኑት ወደ አንድ ቄስ ዘንድ ሄደው ነገሩን አዋዩአቸው። ቄሱም፥ «ምን ያስጨንቅዎታል? ዳዊቱን ይድገም፤ ጦርን የሚፈልግ ጦር ያገኘዋል» አሏቸው። መምህሩ ግን፥ «አባቴ፥ ዳዊትም የጦር ሰው ነበረ። መጽሐፈ ነገሥትን፥ መጽሐፈ መሳፍንትን፥ መቃብያንን ከቤተ ክርስቲያናችን ሣጥን ልናወጣ ነውን? አባቶቻችን ጦርነትን ከመጽሐፍ አልፋቁትም፤ ነገር ግን ብቻውን አልተዉትም፤ ከመዝሙሩና ከመክብቡ ጋራ በአንድ አቆራኝተውታል» ብለው መለሱ። ቄሱም ጥቂት አሰቡና፥ «እንግዲያው እርስዎም እንደዚያው ያድርጉ» አሏቸው።

መምህሩ ከዚህ ቃል መንገዳቸውን አገኙ። የጦር መጽሐፍ ብቻውን የተነበበ እንደ ሆነ ሰውን እንደ ገበጣ ጠጠር መቍጠርን ያስተምራል፤ ይህን ያህል ከዚህ ጉድጓድ፥ ያን ያህል ከዚያ ጉድጓድ እያለ ያዘዋውራል እንጂ ጠጠሩ እናት እንዳለው አይናገርም። የፍልስፍና መጽሐፍ ብቻውን የተነበበ እንደ ሆነ ደግሞ፥ የጎረቤት ቤት ሲቃጠል በኮረብታ ላይ ተቀምጦ ስለ እሳት ባሕርይ የሚመራመር ሰው ይወልዳል። ሁለቱ ግን ተጣምረው የተነበቡ እንደ ሆነ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይከሳል። ስለዚህ መጻሕፍቱን ሁለት ሁለት እያደረጉ እንዲሰጡት፥ ወጣቱም በእያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቅ ቈረጡ። የመጀመሪያው፥ «ይህን የጻፈው ማን ነው? ምንስ ደርሶበት ጻፈው?» የሚል ነው። ሁለተኛው፥ «ጦር ያልያዘው ሰው፥ ገበሬው፥ ሴቲቱ፥ ምርኮኛው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ምን ይሆናል?» የሚል ነው። ሦስተኛውም፥ «ጸሐፊው ስለ ሽንፈት ምን ይላል?» የሚል ነው። ስለ ድል የማይጽፍ የለም፤ የሰው ልብ የሚታወቀው ግን ሲሸነፍ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወጣቱ ሲመጣ፥ አስቀድመው ያነበበውን የሱን ዙን መጽሐፍ ከኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 ጋራ አጣመሩለት። የቻይናው ሊቅ ከሁሉ የሚበልጠው ድል ያለ ውጊያ የተገኘው መሆኑን፥ የረዘመ ጦርነትም ማንኛውንም መንግሥት እንዳልጠቀመ ያስተምራል፤ ይህ ታላቅ ጥበብ ነው። ነገር ግን የሚጠነቀቀው ለመንግሥቱ ጎተራና ለሠራዊቱ ጉልበት ነው። ኦሪት ግን ሰልፉ ገና ሳይጀመር በሠራዊቱ ፊት ቆሞ አዲስ ቤት ሠርቶ ያላስመረቀውን፥ ወይን ተክሎ ከፍሬው ያልቀመሰውን፥ ሚስት አጭቶ ያላገባትን፥ ልቡም የፈራውን ሰው ሁሉ ወደየቤቱ እንዲመለስ ያሰናብታል። ወደ ከተማ የቀረበ ሠራዊት አስቀድሞ ሰላምን እንዲጠራ፥ ከተማን ሲከብም የሚበላ ፍሬ ያለውን ዛፍ እንዳይቆርጥ ያዝዛል። በዚያው ምዕራፍ ለዛሬ ሰው ጆሮ የሚከብድ ትእዛዝም አለ፤ መምህሩ አልሸሸጉትም። «እሱን ብቻህን አትተርጕመው፤ ከሊቃውንቱ ጠይቀህ አንብብ» አሉት።

ሁለተኛው ጥምር የእስክንድር ታሪክና መጽሐፈ ፈላስፋ ሆነ። የእስክንድር ታሪክ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሶ በአገራችን ሲነበብ የኖረ ነው። በብዙ ልሳን በተተረጎመው በዚህ ታሪክ፥ ዓለምን ያስገበረው ንጉሥ በህንድ አገር ዕርቃናቸውን ከሚኖሩ ጠቢባን ዘንድ ደርሶ የሚሹትን እንዲጠይቁት ቢላቸው፥ የማይሞት ሕይወት እንዲሰጣቸው ጠየቁት። እሱም ሟች መሆኑንና ይህን መስጠት እንደማይችል በተናገረ ጊዜ፥ እንግዲያው ሟች ከሆነ ይህ ሁሉ ጦርነት ለምን እንደሚያስፈልገው መልሰው ጠየቁት። የጦር መጽሐፍ በገዛ ሆዱ የጥበብን ጥያቄ ይዞ ሲገኝ ይህ ነው። መጽሐፈ ፈላስፋ ደግሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ የጠቢባን ቃል ስብስብ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን ያስተማሩት ካናዳዊው ካህን ክሎድ ሰምነር በሰፊው ስለ መረመሩት ዛሬ ግእዝ የማያውቅም ሊያገኘው ይችላል።

ከዚህ አያይዘው ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን ሰጡት። ይህን የጻፈው በ17ኛው ክፍለ ዘመን በሃይማኖት ጠብ ምክንያት ወደ ተከዜ ዋሻ የተሰደደ ኢትዮጵያዊ ነው የሚሉ አሉ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአገራችን የነበረው ኢጣልያዊው መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቈረጠም። መምህሩ መጽሐፉን ከነክርክሩ ሰጡት፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ፥ «ማን ጻፈው?» ማለትን እንዲለማመድበት ነው።

የሮማው ንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬልዮስ ግን ለብቻው ጥንድ ነው፤ ከ161 እስከ 180 በፈረንጅ አቆጣጠር ነግሦ፥ በዳኑብ ወንዝ አጠገብ በጦር ሰፈር ሳለ ለራሱ የጻፈው ምክር የጦረኛም የፈላስፋም መጽሐፍ ነውና። ይህን ስም የሰሙት ቄስ ወዳጃቸው፥ «በዚህ ንጉሥ ዘመን አይደለምን ሰማዕቱ ዮስጢኖስ የተሠየፈው?» ብለው ተቈጡ። መምህሩም፥ «ስለዚህ ነው እንዲያነበው የምሻው። ስለ ትዕግሥትና ስለ ፍርድ እንዲህ አሳምሮ በጻፈ ሰው መንግሥት ንጹሕ ደም መፍሰሱን ይወቅ። አሳቡ ያማረለት ሁሉ ሥራው አምሮለታል ብሎ እንዳይታለል» አሉ።

እስከዚህ የተቈጠሩት ከሩቅ የመጡ ናቸው። መምህሩ ከሁሉ ይልቅ የተመኩበት ጥምር ግን ከአርጆ የአንድ ቀን መንገድ በማይሞላ ስፍራ የተሠራ ነው። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ፥ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኰንኖችና በውጭ አገር የተማሩ ኢትዮጵያውያን በነቀምት ተሰብስበው የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቆሙ። የማኅበሩ መሪ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ፤ ከአባሎቹም አንዱ የወለጋው ተወላጅ ይልማ ዴሬሳ ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የኢጣልያ አውሮፕላኖች በሌሊት አጥቅተው አቃጠሉ፤ ጄኔራል ማሊዮኮንና ባልንጀሮቹንም ገደሉ። የጦር ታሪክ ብቻ የሚሻ ሰው በዚህ ያበቃል። ወጣቱን ያስደነቀው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እነዚህ ሰዎች 10 አንቀጽ ያለው ሕግ ጽፈው ነበር። ሕጉ የጦሩን ሥልጣን ከፖለቲካው አመራር በታች ያደርጋል፤ አገር ጥሎ መሰደድን ይከለክላል፤ ገበሬው እንዳይበደል፥ ምርኮኛም እንዳይንገላታ ያዝዛል። መንግሥት በፈረሰበት፥ ተቈጣጣሪ በሌለበት ዘመን፥ ጠመንጃ የያዙ ወጣቶች አስቀድመው እጃቸውን በሕግ አሰሩ።

ወጣቱ ይህን በሰማ ጊዜ፥ «የኔታ፥ ተኝተው የነበሩትን በሌሊት መግደል ከሕጉ ጋራ ይስማማልን?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ወዲያው አልመለሱም። በኋላም፥ «እነዚያ ምርኮኞች አልነበሩም፤ አገር ሊይዙ የመጡ ባለ ጦር ነበሩ። ነገር ግን ይህን መጠየቅህን አትተው። የጦር መጽሐፍ እንዴት እንደ ተጠቃ ይነግርሃል፤ ይገባ እንደ ሆነ ግን አይነግርህም» አሉት።

ስለዚህ ዘመን እንዲያነብ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ያዩትንና የሚያስታውሱትን የጻፉበትን መጽሐፍና የሐዲስ ዓለማየሁን «ትዝታ» ሰጡት። ራስ እምሩ ከጥቁር አንበሳ ጋራ ዘምተው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ፤ ሐዲስም አብረው ተማርከው በኢጣልያ ደሴቶች ታሰሩ። ከማኅበሩ አባሎች ብዙዎቹ ግን ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በምርኮኛነታቸው ተገደሉ። ለጠላት ምርኮኛ የራሩት ራሳቸው ሲማረኩ ርኅራኄ አላገኙም። «እንግዲህ ሕጋቸው ምን ጠቀማቸው?» አለ ወጣቱ። መምህሩም፥ «እነሱን ከሞት አላዳናቸውም፤ አንተ ግን ዛሬ ስማቸውን ሳታፍር ትጠራለህ» አሉት። ከዚህ ጋራ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን የሕይወት ታሪክ ጨመሩለት። በልጅነቱ ዓድዋን ያየው፥ በሩስያ አገር የመድፈኛን ሙያ የተማረው ያ ሰው፥ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ያረቀቀው እሱ ነውና።

ይሁን እንጂ መምህሩ አንድ መጽሐፍ ከሣጥኑ ሥር ደብቀው አስቀርተው ነበር። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ወጣቱ ከነቀምት ሲመለስ በወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከሚማር ዘመዱ የተዋሰውን ያንኑ መጽሐፍ ይዞ ገባ፤ ፊቱም ተለውጦ ነበር። አባ ባሕርይ የተባሉት የጋሞ ካህን በ1593 በፈረንጅ አቆጣጠር ስለ ኦሮሞ ሕዝብ የጻፉት ታሪክ ነው። «የኔታ፥ ይህን ለምን ደበቁኝ?» አለ። መምህሩም እውነቱን ተናገሩ፤ «አባቶችህን እነሱ በማይወዱት ስም ስለሚጠራ፥ ክፉ ቃልም ስለሚናገርባቸው፥ ልብህ እንዳይቈስል ፈርቼ ነው» አሉ። ወጣቱም፥ «ቈስሏል። ግን እርስዎ ቢሰጡኝ ኖሮ ከእርስዎ ጋራ አነበው ነበር፤ አሁን ብቻዬን ተናድጄ አነበብሁት» አላቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ፤ የገዛ ትምህርታቸውን ራሳቸው እንደ ሻሩ አውቀዋልና። መጽሐፍን መከልከል ልጁን ከመጽሐፉ እንደማያድነው፥ ከአስተማሪው ብቻ እንደሚለየው ያን ጊዜ ተረዱ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው ተቀምጠው መጽሐፉን እንደገና አነበቡት፤ ሦስቱንም ጥያቄ ጠየቁት። ማን ጻፈው? የገዛ አገሩ የተወረረበት ካህን። ስለ ሽንፈትስ ምን ይላል? እዚህ ላይ ወጣቱ ቆመ። አባ ባሕርይ የሉባዎቹን ትውልድ በየተራው፥ በየስሙ፥ በየዘመቻው ቈጥረው ካበቁ በኋላ፥ ብዙ ሳለን መሣሪያም ሳለን ለምን ተሸነፍን የሚለውን የሊቃውንቱን ጥያቄ ያነሣሉ። ስለ ኀጢአታችን ነው በማለት ብቻ አይዘጉትም። የወገናቸውን ሕዝብ በ10 ክፍል ይከፍሉና 9ኙ ወደ ጦርነት የማይቀርቡ መሆናቸውን ያሳያሉ፤ ከእነዚያም አስቀድመው የሚቈጥሩት መነኮሳቱንና ደብተራዎቹን፥ የራሳቸውን ወገን ነው። በኦሮሞ ዘንድ ግን ታናሽም ታላቅም ለጦር የሠለጠነ መሆኑን ይመሰክራሉ። ወጣቱም ከረዥም ዝምታ በኋላ፥ «ይሰድበናል፤ ግን ጥፋቱን በራሱ ቤት ፈለገ» አለ። መምህሩም ለዚህ መጽሐፍ ጥንድ እንዲሆን ይልማ ዴሬሳ በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙትን «የኢትዮጵያ ታሪክ በዐሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን» የሚለውን ሰጡት፤ በነቀምት ከጥቁር አንበሳ ጋራ የቆመው ያ የወለጋ ልጅ፥ ያንኑ ዘመን በራሱ ዐይን አይቶ እንዴት እንደ ጻፈው እንዲመለከት።

መስቀል ካለፈ በኋላ የወጣቱ እናት ወደ መምህሩ ቤት መጣች። ፊደል አልቈጠረችም፤ ልጇ ሌሊቱን ሲያነብ ማደሩን ብቻ ታያለች። «አባቴ፥ ልጄን ምን እያስነበቡት ነው? አንዱ ሄዶብኛል፤ ሁለተኛውን በመጽሐፍ ያስሄዱብኛል ብዬ ፈራሁ» አለቻቸው። መምህሩ የሚመልሱት ቃል አጡ። በመጨረሻ ግን ልጁን አስጠርተው፥ «ካነበብኸው ለእናትህ አንብብላት፤ በምትሰማው ቋንቋ» አሉት።

በቤታቸው ከአያቷ የቀረ አንድ ያረጀ መጽሐፍ ነበር፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት ደክሞበት፥ በ1899 በፈረንጅ አቆጣጠር በግእዝ ፊደል የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ። ወጣቱ ከዚያ ኦሪት ዘዳግምን ገልጦ ምዕራፍ 20ን አነበበላት፤ አዲስ ቤት የሠራው፥ ወይን የተከለው፥ ሚስት ያጨው፥ ልቡ የፈራው፥ ሁሉም ወደየቤቱ እንዲመለስ የሚያሰናብተውን ቃል። እናቲቱ እስኪጨርስ ድረስ አልተናገረችም። ከጨረሰም በኋላ፥ «እንዲህ ያለ ሕግ አለን?» ብላ ጠየቀች። «አለ» አላት። «ለወንድምህ ማንም አላነበበለትምን?» አለችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጣቱ ማታ ማታ ያነበበውን ለእናቱ ይተረጕምላታል። ወደ ፊት ምን እንደሚሆን፥ ወታደር ይሁን ወይስ መምህር ወይስ ገበሬ፥ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ መምህሩም አልጠየቁትም። ከሣጥናቸው ሥር ግን ከእንግዲህ ወዲህ የሚደበቅ መጽሐፍ የለም።

እንግዲህ ካህናትም ሆኑ አስተማሪዎች፥ ወላጆችም ሆኑ የከተማ ሽማግሎች፥ ወጣት መጥቶ የጦር መጽሐፍ ሲጠይቃቸው አይደንግጡ፤ በሩንም አይዝጉበት። ጥበቡን ከጦሩ አጣምረው ይስጡት፤ የሚያስከፋውንም አብረውት ያንብቡት፤ ያነበበውንም ጦር ላልያዘው ሰው፥ ይልቁንም ለእናቱ እንዲያነብላት ይዘዙት። የጦር መጽሐፍ ሁሉ የሚፈተነው በእናት ጆሮ ነውና።